በመስታወት የተነበበው ድንጋይ

ውድ ወንድም ጋሼ፣ ናፍቆቴ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

የገጠሩን የጥንት መቃብሮች እየመዘገብኩ አይደል፤ ባለፈው ወር የቅድመ አያታችንን የመቃብር ድንጋይ አገኘሁልህ። ጽሑፉ ደብዝዞ ነበር፤ አባባ የቁም ሳጥኑን መስታወት ነቅለው አምጥተው የፀሐይዋን ብርሃን በጎን ሲያንጸባርቁበት ፊደሉ አንድ በአንድ ብቅ አለ። አባባ «ዳኛ ነበር» ሲሉን ያደግነው ቅድመ አያታችን ለካ አናጺ ኖሯል። በሳቅ ፈረስን።

አሁንማ ሥራው ለአባባ ሱስ ሆኖባቸዋል። መቆሙ ስለሚያደክማቸው ወንበር እወስድላቸዋለሁ። ከእማዬ መቃብር ጎን ያለውንም ቦታ በእጃቸው አርመው አጸዱት። መቃብሮቹን በምመዘግብበት ካርታ ላይ «ባዶ» ብዬ ስጽፍበት አይተው፣ «የተያዘ ነው በይ እንጂ» አሉኝ። እሺ አልኩና ሳላስተካክለው ተውኩት።

ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ና፤ መስታወቱ እየከበዳቸው ነው። በደህና ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ