የረቡዕ ጭልፊቶች

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7፣ ጠዋት

ዛሬም ባዶ ሰማይ። ወሎ ሰፈር፣ ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተገትሬ ብርድ ጠግቤ ተመለስኩ። አንድ ጭልፊት የለም። ሥጋ ቤቱ ለዐቢይ ጾም ከተዘጋ ጀምሮ እንዲሁ ነው። በፍስክ ቀን ግን በሩ ሳይከፈት፣ የሥጋው መኪና ሳይደርስ፣ መጥተው የመብራት ምሰሶው ላይ ይደረደራሉ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ድርሽ አይሉም።

አንቺ ማስታወሻ፣ ስንቴ እንደነገርኩሽ አላውቅም፤ ልድገመው። ዶ/ር ሰብለ ጉድ ናቸው! ዶሮን ጨለማ ክፍል ዝጉበት፣ ንጋቱን አይስትም እያሉ ነው የእንስሳትን የውስጥ ሰዓት ያስተማሩን። አሁን ከቀን አልፈው ሳምንት ላይ ደርሰዋል። ጭልፊቶቹ ቀን ቆጥረው የጾሙን ከፍስኩ ይለያሉ ባይ ናቸው። ዓመታት ለፍተውበታል። እኔም አምናለሁ።

ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ዶ/ር ጉልባን በሳህን ይዘው ቢሮ መጡ። ጽሑፉ አልቋል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ለመጽሔቱ ይላካል። ሰኔ ላይ ጡረታ ስለሚወጡ የመጨረሻ ሥራቸው ነው። ስሜን ከስማቸው ቀጥሎ አስገብተውታል። አለቀስኩ። እንባሽ ጉልባኑን ጨው ያበዛበታል ብለው ተቆጡኝ።

ክትትሉ በቃ። እንደየዓመቱ በዓላችንን እናክብር ተባለ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15፣ ጠዋት

ጃንጥላዬን በረንዳው ላይ ረስቼ ነበር። ልወስድ ሄድኩ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ቀና ብል ጭልፊቶች! ምሰሶው ሞልቷል። በረቡዕ! ሥጋ ቤቱ ገና ዝግ ነው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ሲያምሩ። ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። በዓለ ሃምሳ ነው እኮ! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን ጭልፊት ከየት ያውቃል? ቀን የሚቆጥሩ ቢሆኑ ዛሬም በቀሩ ነበር። ሌላ የሚያዩት ምልክት አለ ማለት ነው።

እኛስ? በየዓመቱ ክትትሉን ለፋሲካ አቁመን የምንመለሰው ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው። በሃምሳው ቀን ውስጥ አንድም ረቡዕ ቆመን ጠብቀን አናውቅም። ወይ ጉድ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት፣ ቦሌ ሚካኤል

ቤት ነኝ። ዶሮ ወጡን ምን አገኘሽበት ብላ እናቴ ተቆጣች። ሳልነካው ትቼ እዚህ መጻፍ ጀመርኩ።

ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ጽሑፉ ይወጣል፣ ዶ/ር በክብር ይሸኛሉ፣ የኔም ስም ይታተማል። ብናገር የስንት ዓመት ልፋታቸውን በመውጫቸው ላይ አፈርሳለሁ።

ግን የማከብራቸው ለምንድን ነው? አምና አንድ ተማሪ ስሌታቸው ላይ ስህተት ቢያገኝ፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት አመስግነው ሻይ ጋበዙት። እኚህን ሴትዮ ነው የምዋሸው? አይሆንም። ግን ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ነገርኳቸው። በስልክ። ሰዓቱንና የጭልፊቶቹን ብዛት አስደገሙኝ። ከዚያ ፎቶ አንስተሻል ወይ አሉ። አዎ አልኩ። እንኳን ጃንጥላሽን ረሳሽ አሉና ዘጉት። ይቆጡ ይዘኑ አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ጽሑፉ የሚላክበት ቀን። ዶ/ር በረንዳው ላይ ቀድመውኛል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ጭልፊቶቹ መጡ። በዓርብ! ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። የሚያዩት ወደ ላይ አይደለም፣ ወደ ታች ነው። የሥጋ ቤቱ በር ላይ ሦስት ውሾች ተጋድመዋል። አንቺ ሳትደርሺ፣ ጭልፊቶቹም ሳይመጡ፣ ውሾቹ እዚያ ነበሩ አሉኝ።

ስልኬን ቀምተው በክትትሉ ያነሳኋቸውን የድሮ ፎቶዎች አገላበጡ። በፍስክ ቀን ሁሉ፣ ከፎቶው ጥግ፣ ውሾቹ አሉ። በጾም ቀን የሉም። ጭልፊቶቹ ውሾቹን አይተው ነው የሚያርፉት! እኛ ይሄን ሁሉ ዘመን ሰማይ ሰማይ ስናይ ኖረናል።

ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፣ እንባቸው እስኪወርድ። ጽሑፉ አይላክም አሉ፣ እንደ ዋዛ። ያዘንኩት እኔ ነኝ። እኚህን ሴትዮ እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት።

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። አገጫቸውን ያዙ። «ቆይ ሜሮን፣ ውሾቹስ በምን አወቁ?»

ጡረታዎ እኮ ሰኔ ላይ ነው አልኳቸው። እስከ ሰኔ ስንት ጠዋት አለ አሉ።

ነገ እንጀምራለን። ሳይነጋ፣ ከውሾቹ ቀድመን። ጃንጥላሽንም እዚያው ተዪው ብለውኛል፣ ምክንያቱም ባትረሺው ኖሮ ይህን ሁሉ አናይም ነበር።