ዘመዴ ናት ያልኩ ቀን

ጅግጅጋ
ሐምሌ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለረቢዓ፣
ጅማ

አሰላሙ ዐለይኩም። አንቺ፣ ባልሽና አዲሷ እንግዳችን እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የልጅሽን ፎቶግራፍ አየሁት። አፍንጫዋን ከእኔ መውሰዷ ቢያሳዝነኝም በጣም ደስ ብሎኛል።

በደብዳቤሽ፣ መስከረም ላይ መጥተሽ ከልጅሽ ጋር እንደ እናት ሆዮ በምትያት በናስትሆ አዲስ ቤት አንድ ወር እንደምትቀመጪ ጽፈሻል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አልበላልሽ ብሎኛል። ረቢዓ፣ አባትሽ ዋሽቷል። ናስትሆ ቤት አልተሰጣትም። አምና ተሰጣት ብዬ የጻፍኩልሽ አፍሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ለከተማው ችግረኞች ሠላሳ ቤት እንዲሠራ በጀት ተያዘ። እኔ መቼም ጸሐፊነት አይለቀኝም፣ የመልማዩ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩ። የናስትሆን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ግማሽ ጣሪያው ሸራ ነው፣ የጓዳው ግድግዳም በግንድ ተደግፎ ነበር የቆመው። ስሟ ማንም ሳይገፋላት ሰባተኛ ወጣ። ከዚያ ድርቁ መጣና ገንዘቡ ለውሃ ቦቴና ለእህል ዞረ፤ ሠላሳው ቤት ዐሥራ ሁለት ሆነ። የተቀነሱት ሰዎች በራችን ላይ ቆመው በዘመድ ነው የሚሰጠው ይሉ ጀመር። ደንቡ ደግሞ የኮሚቴ አባል ዘመድ አይመዘገብም ይላል።

ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሣሁ። "ሰባተኛዋ ዘመዴ ናት። እናቷ በወሊድ የሞተችባትን ልጄን አጥብታ ያሳደገች ናት። ስሟ ይሰረዝ" አልኩ።

ሰብሳቢው ጃማ ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። "አቶ ኸሊል፣ ደንቡ የሚለው የሥጋ ዘመድ ነው" አለኝ።

"በእኛ ዘንድ ጡትም ዘመድ ያደርጋል።"

"ያደርጋል። ልጆቹ እንዳይጋቡ ነው እንጂ ለቤት ማን ጠየቀዎት?"

አልሰማሁትም። ሰው ሁሉ ንጹሕ ሰው ሲለኝ፣ ለሁለት ቀን ያህል ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር። ለናስትሆ በሚቀጥለው ዓመት ቀዳሚ ትሆኛለሽ አልኳት። ዘንድሮ ለቤት የተያዘ በጀት የለም።

የሚያቃጥለኝ አለመቀየሟ ነው። ወተት በምትሸጥበት ገበያ "ኸሊል በስብሰባ መሐል ዘመዴ ናት አለ" እያለች ለሴቶቹ ታወራ ነበር። እንደ ትልቅ ነገር ቆጠረችው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ በጣለው ዝናብ ግድግዳው ወደቀ። ደግነቱ እሷ ገበያ ነበረች። ሦስት ቀን ጎረቤት ተጠግታ ከቆየች በኋላ ሀርሺን ወደሚኖረው ወንድሟ ልትሄድ ወሰነች። እሱም ከብቶቹ በድርቁ አልቀውበት በእርዳታ እህል ነው የሚኖረው። ልትሰናበተኝ መጣች። ሻይዋን ጠጥታ ስትጨርስ ያንቺን ክፍል በር አየች።

"እዚህ ውስጥ ማን አለ?"

"ማንም የለም። የረቢዓ አልጋ ነው።"

"አልጋ ብቻ?"

"አልጋ ብቻ" አልኳት።

ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። ጓዟን እስከ መኪናው ተሸከምኩላትና ለከርሞ በጀት ከተያዘ አስጠራሻለሁ አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከቀበሌ የተከራየሁት ይህ ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ አንቺ ካገባሽ ወዲህ ተዘግቶ ነው የኖረው። ስምንት ወር ሙሉ ለችግረኛ ክፍል ስንፈልግ እኔ ከጎኑ እተኛ ነበር። ባል የሞተባትና ሚስት የሞተችበት በአንድ ጣሪያ ሥር ቢያድሩ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው ለማለት ሞክሬያለሁ። ግን ጋብቻ የሚያስረው ቃዲ የሚኖረው ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ነው።

ክፍሉን ትናንት ከፍቼ አጸዳሁት። ሐሙስ ሀርሺን የሚሄድ መኪና ላይ ቦታ ይዣለሁ። ምን እንደምላት በወረቀት ልሞክረው ብዬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ዕድሜውን ሙሉ ጸሐፊ የነበረ ሰው። አብራኝ ትመለሳለች ብዬ ግን አልጽፍልሽም። ስለ እሷ ሁለተኛ መዋሸት አልፈልግም።

አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ደጃችሁን አይዝጋባችሁ፤ ለመጣውም የምትከፍቱበት ልብ ይስጣችሁ።

አባትሽ
ኸሊል