የአሥራ አንድ ዕጩ ሐኪሞችን ምክንያት ከጻፈው ሰው

መስከረም 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ የሕክምና ትምህርት ዕጩዎች መልማይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ደሴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። አባቴ ደብዳቤን በአሰላሙ ዓለይኩም እንድጀምር ነበር ያስተማሩኝ፤ ነገር ግን እንዲህ የሚጀምር ማመልከቻ ከመዝገብ ቤትዎ እንደማያልፍ ከሥራዬ ስለማውቅ፣ ሰላምታውን በልቤ አድርሼ በጽሑፍ ጤናዎን ብቻ እመኝልዎታለሁ። ጉንፋን እንኳ አይንካዎ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በዚህ አገር መታመም ለማንም የሚመከር ነገር እንዳልሆነ ከእርስዎ ኮሚቴ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።

ሸረፈዲን ሀምዱ እባላለሁ። ፒያሳ ላይ በጥቁር ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ማለት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት መኪናዎ ሲያልፍ ጭቃ የረጨበት ወረቀት ሁሉ የእኔ ነበር፤ ስለዚያ ቅሬታ የለኝም። ኮሚቴዎ ባለፈው ሳምንት የማትመጥን ሆና አግኝቷት ስሟን የሰረዘባት ጣይባ ሸረፈዲን ልጄ ናት። ዝርዝሩ አርብ ከቀትር በኋላ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድ ሰምቻለሁ። ቀደም ብዬ ያስገባኋቸው ሦስት የታሸጉ ማመልከቻዎች ገብተው ስላልወጡ፣ አራተኛውን ሳላሽግ በግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ድፍረቴን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ መጨረሻ ጉልበት ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ድጋፍ ደብዳቤ።
ቀበሌው የሴቶች ማኅበሩን ደብዳቤ ካላየሁ አልጽፍም አለ፤ የሴቶች ማኅበሩ የወጣቶች ማኅበሩን ጠየቀ፤ የወጣቶች ማኅበሩ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማገልገሏን የሚገልጽ ወረቀት ፈለገ፤ ያገለገለችው ኮምቦልቻ ስለነበር እዚያ ብትወርድ ደግሞ የቀበሌው ድጋፍ ይቅደም ተባለች። ስለዚህ ልጄ በአንድ ክረምት የሐረጎን ቁልቁለት ሰባት ጊዜ ወርዳ ሰባት ጊዜ ወጥታለች። በስምንተኛው ሁሉም ማኅተም የተመታው አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ፣ አላህ ይስጣቸውና፣ አንጀታቸው ስላልቻለ ነው። ለዚህም ኮሚቴውን አመሰግናለሁ፤ ሐኪም የሚሆን ሰው ጽኑ እግር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃል ፈተናው።
በባዮሎጂም በኬሚስትሪም በፊዚክስም ኤ ያመጣችውን ልጅ አምስት ጓዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው የንዑስ ከበርቴንና የአቀባባይ ከበርቴን ልዩነት ጠየቋት። በትክክል መለሰች። ጉበት በየትኛው ጎን እንደሚገኝ ግን የጠየቃት አልነበረም። ምናልባት ጉበት ከእንግዲህ በየትኛው ጎን መሆን እንዳለበት ገና መመሪያ ስላልወረደ ይሆናል ብዬ በቅንነት ተርጉሜዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ምክንያቱ።
እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ወንበርዎን ጠጋ አድርገው ቢያነቡልኝ እለምናለሁ። በቅጹ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ሐኪም ለመሆን የፈለጉበትን ምክንያት በራስዎ ቃል ይግለጹ» የሚል አለ። ዘንድሮ ኮሚቴው ካሳለፋቸው ዕጩዎች መካከል የአሥራ አንዱን የራስ ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እባክዎ ከመዝገቡ አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ሁሉም ሰፊውን ሕዝብ ከበሽታ ቀንበር ለማላቀቅ ይፈልጋሉ፤ ቀንበሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ይህን የወሰኑት በልጅነታቸው የጭቁኑን ገበሬ ስቃይ ተመልክተው ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ገበሬ ያየው በአውቶቡስ መስኮት እንደሆነ ራሱ እየሳቀ ነግሮኛል። አንዱ ዶሮ ሲታረድ ካየ የሚወድቅ ነው፤ አንዷ ጂኦግራፊ መማር እየፈለገች አባቷ «የዶክተሩ አባት» ተብሎ ሳይጠራ እንዳይሞት ስትል የመጣች ናት፤ ሌላው ደግሞ ለሐኪም የመንግሥት ቤት እንደሚሰጥ ሰምቶ ነው። ሁለቱ ከልባቸው የሚፈልጉ ነበሩ፤ የእነዚያንም እውነተኛ ፍላጎት በእኔ ቃል አልብሼ ከሌሎቹ እንዳይለዩ አደረግኳቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆች ናቸው፤ የተፈለገባቸውን አቀረቡ እንጂ ያጠፉት የለም። ኮሚቴው ከአንዱ ኅዳግ ላይ «ለሌሎች አርአያ የሚሆን ንቃት» ብሎ መጻፉን ስሰማ ግን፣ ሰው ነኝና፣ ደስ እንዳለኝ አልደብቅዎትም።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። የገዛ ልጄን ሦስት ቀን ለመንኳት፤ አንድ ገጽ ብቻ፣ ከሁሉም የሚያምረውን ልጻፍልሽ ብዬ። ጣይባ አባቷ የጻፈላትን እንደማትፈልግ በትሕትና ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ አውቀዋለሁ። እርስዎም ማወቅ አለብዎትና እነሆ።

በ1970 ዓ.ም. ከሐርቡ ወጣ ብላ ባለች መንደር የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ባለቤቴ መርየም ምጥ በያዛት ዕለት የአካባቢው ወንድ ሁሉ ኮምቦልቻ ለስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ በአካባቢው ብቸኛው የሕክምና ሰው የነበረው የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ ይርጋም፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔም። ጠዋት ስወጣ መርየም ደህና ነኝ ብላኝ ነበር። ከቀትር በኋላ ጣይባ፣ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ በእህል ጭነት መኪና ተንጠልጥላ ኮምቦልቻ ደረሰች። ዘበኛው ወደ አዳራሹ እንድትገባ ስላልፈቀደላት ከደብተሯ ቀድዳ ቁራጭ ወረቀት ላከች፤ እናቷ እንደወለደች፣ ደሟም አልቆም እንዳለ። ወረቀቱ መጀመሪያ የደረሰው በእኔ እጅ ነው። አንብቤ ለሰብሳቢው አቀበልኩ። እሳቸውም አንብበው፣ ጉዳዩ ከሦስተኛው አጀንዳ በኋላ እንደሚታይ በትሕትና ገለጹ። ሦስተኛው አጀንዳ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነበር። አቶ ይርጋ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ እኔን አየ፣ ስም የሚቆጣጠሩትን ካድሬ አየ፣ ተቀመጠ። ያን ጊዜ እኔ ብነሳ እሱም ይነሳ ነበር። አልተነሳሁም። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም። «ጉዳዩ በሰፊው ውይይት ተደርጎበታል» ብዬ ጻፍኩ። መንደር ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ሴቶቹ የመርየምን ፊት ሸፍነውታል። ሕፃኑም አላደረም።

እርስዎ በዚያ አዳራሽ አልነበሩም፤ በእርስዎ አላሳብብም። ከአርባዋ በኋላ ጸሐፊነቱን ትቼ ደሴ ገባሁ። ጣይባ በአምስት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ማታ ማታ ባዮሎጂዋን ታጠናለች፤ የሚነበብ ነገር ሲቸግራት የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለውን ወረቀት ታነባለች። በቅጹም ላይ በራሷ ቃል የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦

«ሐኪም መሆን የምፈልገው፣ ሲጠሩት ከስብሰባ ተነስቶ የሚሄድ አንድ ሰው እንዲኖር ነው።»

ኮሚቴው ከጎኑ በቀይ «የግል ቂም፤ የንቃት ጉድለት» ብሎ ጽፎበታል። ስለ ፈጣሪ ብዬ ልለምንዎት፤ ይህ በአብዮቱ ላይ የተያዘ ቂም አይደለም። ልጄ የጻፈችው ስለ እናንተ አይደለም፤ ስለ እኔ ነው። በእኔ ምክንያት የጎደላትን ልትሞላ ብትነሳ፣ ስለ እኔ በጻፈችው ደግሞ እናንተ ጣላችኋት። ይህን ሁለት ጊዜ መሸከም አልቻልኩም።

አራተኛም ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ቁጥር የሚሰጠው ነገር አልቀረልኝም።

የምለምነው ጥቂት ነው። ከአርብ በፊት አሥራ ሁለቱንም ልጆች አንድ ክፍል አስገብተው፣ ወረቀት ሰጥተው፣ እኔን ከከተማው አርቀው፣ ለምን ሐኪም መሆን እንደፈለጉ እንደገና ይጠይቋቸው። ይህ የማይቻል ከሆነ ቀዩን ጽሑፍ ብቻ ይሰርዙላት፤ «የንቃት ጉድለት» የሚል ነገር በፋይሏ ውስጥ ከቀረ ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ለዘለዓለም የትም የሚቀበላት ትምህርት ቤት እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን። ጥፋተኛ ካስፈለገ ደግሞ እነሆ፤ የአሥራ አንድ ሰው ልብ አስመስዬ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከጃንጥላዬ ሥር አልጠፋም። ብቻ እኔን ስትወስዱ የእሷን ወረቀት መልሱላት።

ብዙ ደብዳቤ የዘጋሁበትን መፈክር ዛሬ ትቼዋለሁ፤ «ወይም ሞት» የሚለውን ከጻፍኩት በላይ አይቼዋለሁና። ይልቁንስ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለማኅተምዎ ቀለምን፣ ለቤተሰብዎ ሐኪም የማያስፈልገው ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከደጅዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የወረቀትዎ ታማኝ አገልጋይ፣
ሸረፈዲን ሀምዱ

ግልባጭ፦
ለሸዋ በር ግድግዳ
ለኮምቦልቻ አውቶቡስ ማቆሚያ
ለሐርቡ ገበያ

ማስታወሻ፦ ለልጄ የደረሳትን የእምቢታ ደብዳቤ ማን እንዳረቀቀው ምናልባት ዘንግተውት ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት ጸሐፊዎ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፣ ለማያልፉ ዕጩዎች ሁሉ የሚላክ፣ ጨዋና አጭር፣ መልስም የማያስከትል ደብዳቤ አስጽፈውኝ ነበር። «ላሳዩት ከፍተኛ ፍላጎት ከልብ እያመሰገንን» የሚለው የእኔ ነው። የይግባኝ በር እንዳይኖረው ቃል በቃል የዘጋሁትም እኔ ነኝ፤ ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ቀዳዳ ብፈልግለት አጣሁ። ጣይባ አንድ ጊዜ አነበበችው፤ አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችውና «አባባ፣ ይኼ እኮ የእርስዎ አጻጻፍ ነው» አለችኝ።