ሚስማር የሌላቸው ታፔላዎች

ለምወድዎና ለምፈራዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይሰድቡታል ወይስ ታርቃችኋል? እናቴስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስታ ሊገድለኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤዎቼን ሳይከፍቱ ሳጥን ውስጥ እንደሚያስቀምጡ እናቴ ነግራኛለች። ይቺን እያነበቡ ከሆነ ግን ከፍተዋታል ማለት ነው፤ እሰይ!

እኔ የምጠብቀው ረግረግ ላይ ያሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት መሬት ላይ፣ ሸምበቆው መሃል ነው። ከብት ይገባል፣ አጫጅ ይገባል፣ እንቁላሉ ይረገጣል። ሦስት ዓመት አንድ ጫጩት አልወጣም። አለቃችን ዘንድሮ ሰብስቦን፣ አንድ ጫጩት እንኳን ካልታየ ጥበቃው ይነሳል፣ ረግረጉም ደርቆ ለእርሻ ይከፋፈላል ተብሏል አለን።

ክልክል ነው የሚሉት አሥራ ሁለት ታፔላዎቻችን ደግሞ የውሃ ሽታ ሆነዋል። ከብት ያስገባውን ሰው ስይዘው «የት ተጽፏል?» ይለኛል። ለአዲስ ታፔላ በጀት የለም። ስለዚህ ቤት ለቤት ፍለጋ ወጣሁ።

ጉድ ነው አባባ! አንዱ ቤት ልጆቹ «ከብት ማሰማራት ክልክል ነው» የሚለውን ጠረጴዛ አድርገው ይበሉበታል። ባሏ የሞተባት ሴትዮ ደግሞ «ማለፍ ክልክል ነው» የሚለውን የዶሮ ቤት በር አድርጋዋለች። ሕግ ነው፣ መልሺ ስላት «ዶሮዎቼ ከሰው ይሻላሉ፣ ያከብሩታል» አለችኝ። ሳቄም እልሄም አንድ ላይ መጣ። በሩን ብነቅለው ዶሮዎቿን አውሬ ይበላቸዋል፤ ምትክ የምሰጣት የለኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ጊዜ ሸምበቆ ሲያጭዱ ይዤዎት ማጭድዎን ስቀማ ሕጉን አልተሳሳትኩም፤ ዛሬም ቢሆን እቀማዎታለሁ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ግን ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ የራሴን አባት እንደ ሌባ! ቤት መጥቼ ልነግርዎ ይገባ ነበር። «ደጄን እንዳትረግጪ» ብለው አረንጓዴውን በር ሲዘጉብኝ አልፈረድኩብዎትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

እና ወደ ወሬዬ ልመለስ። አንድ ሰኞ ጠዋት «ረጅሙ» የምንለው የሥራ ባልደረባዬ እየጮኸ ጠራኝ። ሦስት ታፔላ ተገትሯል። በሳምንቱ አሥራ ሁለቱም ቆሙ። እግር ተሠርቶላቸዋል፤ አንድ ሚስማር እንኳን የለበትም፣ እንጨት በእንጨት ተሰክቶ በሽብልቅ ተወጥሯል። ረጅሙ ሊነቀንቀው ቢሞክር እሱ ተነቃነቀ እንጂ ታፔላው ፍንክች አላለም። ሮጬ ወደ ሴትዮዋ ብሄድ ዶሮ ቤቷ አዲስ በር አለው። ለልጆቹም አዲስ ጠረጴዛ! ሴትዮዋን ማን ሠራልሽ ስላት፣ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ታፔላውን ስጭኝና የተሻለ ልሥራልሽ አለኝ አለች። ስሙን ብጠይቃት አፏን ይዛ ሳቀች።

አሥራ አንዱ እግር አዲስ እንጨት ነው። የጥበቃ ጎጆዬ ፊት ለፊት ያለው ታፔላ እግር ግን ከአሮጌ በር የተሰነጠቀ ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙ አለቀቀም። ጎኑ ላይ በቢላ የተጫሩ ሰባት መስመሮች አሉ፣ አንዱ ካንዱ ከፍ ከፍ እያለ፣ የልጅ ቁመት በየዓመቱ ሲለካበት እንደኖረ ዓይነት። አጠገቡ ቆምኩ። ላይኛው መስመር ወገቤ ድረስ ነው። ረጅሙ ምን ያስለቅስሻል ቢለኝ ትንኝ ዓይኔ ገባ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ «የት ተጽፏል?» የሚል ጠፋ። ትናንት ጠዋት ደግሞ ከሸምበቆው ውስጥ እናት ወፏ ብቅ አለች፣ ከኋላዋ አንድ ጫጩት፣ ከዚያ ሌላ። ሁለት፣ አባባ፣ ሁለት! ለመናገር ስሮጥ ጭቃው ውስጥ በግንባሬ ተዘረርኩ። ፊቱ ተፈቶ የማያውቀው አለቃችን እንኳን አይቶኝ ሳቀ፣ ከዚያ ሄዶ አያቸውና እንደ ልጅ ዘለለ። ጥበቃው እንዲቀጥል ዛሬ ተወሰነ።

ማጭድዎን ስዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ጫጩቶቹ መብረር ሲጀምሩ ለአንድ ወር ሸምበቆ በተራ ማጨድ ይቻላል ብለን ከነዋሪው ጋር ተስማምተናል። የመጀመሪያው ተራ የአንድ ሽማግሌ አናጢ ነው፤ እኔው አስመዘገብኩት።

ሰውየውን ካወቁት፣ እጁን ቁርጥማት አይንካው ብላለች በሉልኝ። ለእርስዎም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። እሁድ እመጣለሁ፣ በጓሮ በኩል። እስከዚያ ብርድ እንዳይገባባችሁ ለእናቴ ወፍራም መጋረጃ ልኬያለሁ፤ በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ትስቀለው።

ግትሯ ልጅዎ