ማኅተሙም ቁልፉም እኔ ጋ ነው

ሰኞ፣ ኅዳር 1 — ጠዋት 1፡40

ሼዱን ከፈትኩ። ሠራተኞቼ፣ አዳነ፣ እናና እና ሁለቱ ወንድማማቾች፣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ስልክ ሁለት ጊዜ። አንዱ የዳንግላው ሆቴል ነው፤ ስምንቱ የቀርከሃ ወንበር የት ደረሰ ይላል። የትም አልደረሰም። ሌላው ከቀበሌ፣ ለስብሰባ።

እሺ ደብተር። አንተን የገዛሁህ ለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት የአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ለሦስት ሳምንት በየሰዓቱ የምትሠሩትን ጻፉ፣ ጊዜያችሁ የት እንደሚገባ ታያላችሁ አለን። የት እንደሚገባማ አውቃለሁ። ቢሮ ኮሪደር ውስጥ ነው የሚገባው።

ልሂድ፣ ስብሰባው 2 ሰዓት ነው።

ያው ሰኞ — ከቀኑ 11፡10

የዛሬ ውሎ። ከ2–4 ቀበሌ፤ እጄን ለጭብጨባ ብቻ አነሣሁ። ከ4–6 የግብር ወረፋ። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት፤ መብራት ሄዶ ቁጭ። ከዚያ ንግድ ፈቃድ እድሳት፤ የሚፈርመው ሰው መስክ ወጥቷል። 10 ሰዓት ላይ ሼድ። ቀርከሃ የነካሁበት ደቂቃ፦ የለም። አይ፣ ልዋሽ አይገባም፣ አለ። መሬት የወደቀ አንድ ስንጥቅ አንሥቼ ጥግ አስቀመጥኩ።

ሥልጠናው ላይ አንድ ጥያቄ ነበር። ያለ እናንተ የማይሠራው ሥራ የቱ ነው? ሌላው አንድ ሁለት መስመር ጽፎ ቀና ሲል እኔ ገጹን ሞልቼ ገለበጥኩ። ኮርቼም ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3 — 7፡20

ጉድ ሆኛለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ሌላ ወረቀት ስፈልግ ያልተከፈተ ፖስታ አገኘሁ። ሼዶቹን ከሚያስተዳድረው ጽ/ቤት። ጥቅምት 18 ራሴ ፈርሜ የተቀበልኩት ነው። ያን ቀን ሦስት ቢሮ ነበረብኝ፤ ኋላ አነበዋለሁ ብዬ ከትቼዋለሁ። የሼዶቹ ውል አልቋል ይላል። መቀጠል የሚፈልግ እስከ ዓርብ ኅዳር 12፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ሙሉ ማኅደር ያስገባ። ያላስገባ ሼዱን ለተረኛ ይለቃል። የታደሰ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የሠራተኛ ዝርዝር ከነመታወቂያው፣ የሥራ ዕቅድ። እያንዳንዱ ገጽ የድርጅቱ ማኅተም ያረፈበት።

ዘጠኝ ቀን ነው ያለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እናና የሕፃን አልጋ እየጎነጎነች ታንጎራጉራለች፤ አይቻት ወጥቼ እቆማለሁ። ሼዱ ከሄደ ቀርከሃ የት እናጎብጣለን? በኪራይ ቤት ግቢ እሳት አንድጄ ልዋል ብል ማን ይፈቅድልኛል? አምስት ሰው ነን። ይህችን ጣሪያ ለማግኘት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5 — 5፡00

አቶ ሙላት ጋ ሄድኩ። የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ አሁን ከአስተዳደሩ ፊት ለፊት በጃንጥላ ሥር ለሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። (ከእንግዲህ አ/ሙ እላቸዋለሁ፤ ጊዜ ቆጥቢ ተብያለሁ።) ፖስታውን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩና የትኛው ወረቀት ከየትኛው መቅደም እንዳለበት ነገሩኝ። እኔ ሦስት ቀን የጨረስኩት ከኋላ ወደ ፊት ስሄድ ነው።

ሥራውን በሙሉ ለእሳቸው እንድተው ጠየቁኝ። በየወሩ፣ ሁሉንም። እንዲህ አሉ፦ «ልጄ ብርቄ፣ አንቺ ወንበርሽን ሥሪ፤ ወረቀቱን ለእኔ ተዪው። ማኅተሙንም እኔ ጋ አኑሪው፣ በየገጹ እየመጣሽ አትንከራተቺ።»

ማኅተሙን ሲሉ የነጠላዬን ጫፍ ጨበጥኩ። ለአንተ ልንገርህ፣ ደብተር። ከስድስት ዓመት በፊት ማኅተሙ የባሌ ወንድም ጋ ነበር። ባዶ ወረቀት ላይ መታበትና እኔ ለማላውቀው ሰው ዋስ ሆኜ ተገኘሁ። ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለስኩ። ከዚያ ወዲህ ማኅተሙ ከነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ ነው የሚዞረው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይሳለማል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን በልጡ ብቻ አይደለም፣ በሰው ሁሉ ነው የበረየሁት።

ወረቀቱን ብቻ ያዘጋጁልኝ አልኳቸው። ማኅተሙ እኔ ጋ ይቆያል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 — 8፡30

ማካፈል ማለት ይህ ከሆነ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል። ጠዋት ብቻ አራት ጊዜ ደወልኩላቸው። ዕቅዱን ጻፉት፤ እኔ አፍርሼ ጻፍኩት፤ ሳነበው የእሳቸው ይበልጣል፤ መልሼ የእሳቸውን አስገባሁ። እንዲህ እያለ ግማሽ ቀን ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አቶ ሙላት አይቆጡም። (አ/ሙ ማለቱን ትቼዋለሁ። ሽማግሌ ማሳጠር ነውር ነው።) ቢቆጡ ደስ ይለኝ ነበር።

ነገ ዳንግላ። የድሮው ፈቃዴ መዝገብ እዚያ ነው። ለሠራተኞቹ ዕረፍት ውሰዱ ብያቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 — 10፡00

አለቀ! ማኅደሩ አለቀ! ሃያ ሁለት ገጽ፣ በአቶ ሙላት እጅ ተሰፍቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት። አሁኑኑ ምቺበትና እንገላገል አሉ። አዳነም አጠገባችን ነበር፤ ዛሬ ይመታ አለ። አዳነ ለአሥራ ሁለት ዓመት አብሮኝ የሠራ፣ የቀርከሃ ባለሙያ፣ ገበሬዎቹን በአዊኛ እያዋዛ ቀርከሃውን ከእነሱ የሚገዛልን ሰው ነው። ብዙ አይናገርም።

ነገ ጠዋት አንድ በአንድ አንብቤ እመታለሁ አልኩ። ያላነበብኩት ገጽ ላይ አልመታም። እስከ 11 ሰዓት ድረስ ሙሉ ቀን አለ። ማኅደሩን አቶ ሙላት ይዘውት ቤታቸው ገቡ።

ዛሬ ምሳዬን ተቀምጬ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 — 4፡00

የትላንቱን እንዴት ልጻፈው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ስልክ። አያ ጥላሁን ዐርፈዋል። ከዘንገና በኩል ቀርከሃ የሚሸጡልን ሽማግሌ፤ ስጀምር ባዶ እጄን ሄጄ፣ በቃሌ ብቻ አምነው ጭነው የላኩኝ ሰው። ቀብር 6 ሰዓት። አለመሄድ አይታሰብም፤ ለቅሶ ቤቱም በጠዋት መድረስ አለብኝ። 8 ሰዓት ተመልሼ ማኅተሙን እመታለሁ፣ ሦስት ሰዓት ይተርፈኛል ብዬ አሰላሁ። ጊዜ ማስላት ተምሬ የለ! ማኅተሙን እንደ ልማዴ ቋጥሬ በባጃጅ ወጣሁ። አቶ ሙላት ማኅደሩን ይዘው ጽ/ቤቱ በር ላይ ይጠብቁኛል።

ቀኑ ግን ኅዳር ሚካኤል ነው። የአያ ጥላሁን ደብር ደግሞ ሚካኤል። ኅዳር 12 ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌ፣ ስንት ጊዜ ቆጥሬ፣ 12 ሚካኤል መሆኑን ክርስቲያን ሆኜ አላሰብኩትም! ታቦቱ ወጥቷል። ታቦት ሳይገባ ቀብር የለም። አስከሬኑ ቆየ፣ እኛም ቆየን። ፈረሰኛው፣ ዘማሪው፣ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል። ኔትወርክ የለም። ሽማግሌዎቹ በአዊኛ የሟችን ደግነት ያወራሉ፤ ግማሹ ይገባኛል፤ የማለቅሰው ግን ለእሳቸው ይሁን ለሼዱ አላውቅም። በሬሳ ፊት ሰዓት ሰረቅ አድርጌ አየሁ። አፍራለሁ።

የተቀበሩት 9 ሰዓት ነው። ባጃጅ የለም፤ ሁሉም ንግሥ ላይ ነው። በእግሬ ተነሣሁ። ከፊሉን ሮጥኩ፣ ነጠላዬን በጥርሴ ይዤ። እንጅባራ ስገባ 11፡20።

አቶ ሙላት በሩ ላይ ቆመዋል። በሩ ተዘግቷል።

አልተቆጡኝም። ማኅደሩን ያለ ማኅተም 10፡45 ላይ አስገብተውታል። መዝጋቢው አልቀበልም ሲል ተከራክረው፣ «ማኅተም ይጎድለዋል» ተብሎ ተጽፎበት ገቢ ቁጥር አሰጥተውታል። ቀኑ እንዳያልፍ ብለው ነው። ኮሚቴው ይወስን ተብሏል። ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ፣ ደክሞሻል አሉኝ። መንገድ ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 — 6፡40

ጽ/ቤቱ አስጠራኝ። የማኅተሙ ጉዳይ ነው ብዬ ሄድኩ። ማኅተሙማ ቀላል ነው፣ እዚያው አስመቱኝ፤ ሃያ ሁለት ገጽ፣ አሥር ደቂቃ። አሥር ደቂቃ!

ከዚያ የጽ/ቤቱ ሰው በማኅደሬ ውስጥ አንድ ገጽ ገለጠልኝ። የጉብኝት ቅጽ። በጥቅምት ሁለት ጊዜ፣ ኅዳር 10 አንድ ጊዜ ጎብኚዎቻቸው ሄደው ሼዱን አይተዋል። ሦስቱንም ቀን እንዲህ ተጽፏል፦ ዝግ፣ ሥራ የለም። ሥራ የማይሠራበት ሼድ ለተረኛ ይሰጣል፣ ደንቡ ነው። ሰኞ ኅዳር 22 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ኮሚቴው ፊት ቀርበሽ አስረጂ አለኝ። በዚያው ሰዓት ሁለት ጎብኚዎች ሼዱን ያያሉ።

ኅዳር 10 እኔ ዳንግላ ነበርኩ። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18 — 9፡00

ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም። ጾም ነው እላለሁ ለሚጠይቀኝ።

ዛሬ ለሠራተኞቹ ሁሉንም ተናገርኩ። እነሱ ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። እናና ብቻ ተናገረች፣ ቀስ ብላ። እኔ ቢሮ ስሄድ ምሳ ሰዓት ቆልፌ እንደምወጣ፣ ወረፋ ሲይዘኝ እነሱ እስከ 10 ሰዓት በር ላይ በድንጋይ ላይ እንደሚቀመጡ። በጥቅምት ጎብኚዎቹ ሁለቴ ሲመጡ እዚያው ተቀምጠው እንደነበር። ሰዎቹ ሥራ የላችሁም ወይ ሲሏቸው፣ እትዬ ብርቄን ላለማሳጣት፣ አዎ ዛሬ ሥራ የለም እንዳሉ።

እኔን ላለማሳጣት።

አዳነ ቀጠለ። ከወንድማማቾቹ ከአንዱ ጋር ሌላ ሥራ መጠየቅ ጀምረው እንደነበር ነገረኝ። ተቆጣሁ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን በልተን አልኩ። ቁልፍ ግን አልሰጠሽኝም አለ።

ሌባ ፈርቼ የቆለፍኩት እነሱን ነው። ሼዱን የሚያስወስድብኝ ጽ/ቤቱም አይደለም፣ የባሌ ወንድምም አይደለም። እኔ ነኝ። ይህን ጽፎ ማየት ያማል።

ዓርብ፣ ኅዳር 19 — 7፡15

ሰኞ 3 ሰዓት ሁለት ቦታ አልሆንም። ኮሚቴው ፊት ልሂድና ልናገር? መናገር እችላለሁ፣ አለቅሳለሁም። ግን ሼዱን የሚያዩት ሰዎች ባለቤቷን ዛሬም ሊያጧት ነው።

ጠዋት አቶ ሙላትን ይዤ ውልና ማስረጃ ጽ/ቤት ሄድኩና ውክልና ሰጠኋቸው። ጸሐፊዋ እያንዳንዱን ሥልጣን ጮክ ብላ አነበበች። መፈረም፣ ማስገባት፣ መቀበል፣ ቀርቦ መከራከር። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ልወጣ ነበር። ማኅተሙን ከነጠላዬ ለመፍታት ቋጠሮው ስለከረረ ጥርስ አስፈለገኝ። አቶ ሙላት ደረሰኝ ጻፉልኝ፦ አንድ ክብ ማኅተም ተረክቤአለሁ፣ ቀን፣ ፊርማ። እያንዳንዱን የሚመቱበትን ወረቀት የሚመዘግቡበት መዝገብም ከፍተዋል፤ ዓርብ ዓርብ አይቼ እፈርማለሁ። ለስድስት ዓመት ይህ አልታየኝም። ያኔ የጎደለው መዝገብ ነበር።

ቁልፉን ለአዳነ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

አልቀለለኝም። ዝም ብዬ ልጻፍ፦ ፈርቻለሁ። ይህ ሁሉ ዘግይቷል ብዬ ፈርቻለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22 — ጠዋት 2፡10

ስደርስ በሩ ተከፍቶ፣ እሳቱ ተያይዞ ነው። የራሴ ሼድ ውስጥ እንግዳ መሰልኩ። አቶ ሙላት ኮታቸውን ለብሰው ወደ ኮሚቴው አለፉ፤ ምን እንደሚሉ ልነግራቸው ስል እሱን ለእኔ ተዪው አሉኝ፣ አንቺ እሳቱ ላይ ቁሚ።

ያው ሰኞ — 4፡50

ሰዎቹ 3፡30 መጡ። እኔ ቀርከሃ እሳት ላይ ይዤ ነበር። እጄ ረስቷል፤ የመጀመሪያው ቀርከሃ እፊታቸው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እናና ሌላ አቀበለችኝ፣ እርጥቡን ጨርቅም። ሁለተኛው ጎበጠ። ሰዎቹ ዞሩ፣ አዳነን ጠየቁ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ስልኬ ጮኸ። አቶ ሙላት። የኮሚቴው ውሳኔ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። እኔ ደግሞ ሦስተኛውን አጉብጬ ይዣለሁ፤ ሳይበርድ ከለቀቁት ይቃናል፣ ከተቃና ሥራው ከንቱ ነው። ድሮ ቢሆን እጥለው ነበር። ስልኩ ይጮሃል። አዳነ አየኝ።

አንሣው አልኩት። እኔን ወክለህ አናግራቸው።

ኔትወርኩ አላሰማ ብሎት ወደ ውጭ ወጣ። ቀርከሃው በረደ፣ ቅርጹን ያዘ፣ ለቀቅኩት። ከመመለሱ በፊት ልጻፈው፣ ከሰማሁ በኋላ ወይ በደስታ ወይ በሐዘን ሐሳቤን እቀይር ይሆናል። ሼዱ ቢሰጠንም ባይሰጠንም፣ ሌላ ጣሪያ ፍለጋ ብንዞርም፣ የወረቀቱ ኃላፊ አቶ ሙላት ናቸው፣ የበሩ አዳነ ነው፣ እኔ ቀርከሃ ሠሪ ነኝ። ይህን ያልኩት ሳልሰማ ነው። አዳነ እየመጣ ነው፣ እናናም ሥራዋን አቁማ ወደ በሩ ዞራለች። ደብተሩን ልዝጋ።