ሦስቱ ዓሦችህና የጉማራው እንጨት

ለወንድምዓለም ለመምህር ሙላቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የመተከል ቆላ፣ ሙቀቱ፣ ትንኙ እንዴት ይዞሃል? አጎበር ሰጧችሁ ወይስ አሁንም ጋቢህን ተከናንበህ ነው የምትተኛው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም፤ አምላክ ይመስገን። ለሰፈራው ሥራ ከዘመትክ ስድስተኛ ወርህ ነው። በመጋቢት ከላክኸው ደብዳቤ ወዲህ ግን ድምፅህ ጠፍቷል።

ያ ደብዳቤህ ስለ እንጨት ነበር። እማዬ "ስለ ጤናው የጻፈው የታል?" እያለች ስታቋርጠኝ እኔ ስለ ቅርፊት አነብላት ነበር። ከመስኮት መስታወት አጣብቀህ በሠራኸው ሣጥን ውስጥ ያሉት የጣና ዓሦችህ መሸሸጊያ አጥተው ይፈራሉና፣ ጎርፍ የጣለው ደረቅ እንጨት ፈልጊላቸው፤ ላጪው፣ ቀቅዪው፣ ቀለሙን እስኪጨርስ ዘፍዝፊው፤ ሳትቀቅዪ እንዳታስገቢ ብለህ ነበር።

በሚያዝያ እማዬን ለጉልበቷ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዣት ሄድኩ። እሷ ስትታጠብ እኔ ጉማራ ወንዝ ዳር ወርጄ፣ ድንጋይ መካከል የተሰነቀረ ጎባጣ፣ መካከሉ የተቦረቦረ እንጨት አገኘሁ። በመኪና ስንመለስ ተሳፋሪው ሁሉ "ደብረ ታቦር ማገዶ ጠፋ እንዴ?" እያለ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ ላጥኩት፣ በብሩሽ ፈገፈግኩት። ልቀቅለው ውኃ ስጥድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ።

ስመለስ እማዬ ሥራውን ጨርሳ ጠበቀችኝ። "ዕቃ ተቀቅሎ የት አገር ይጸዳል?" ብላ፣ እንደ ጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል አሽታ አጥባ በወይራ አጥናዋለች። ሽታውም ደስ ይል ነበር። የእናት እጅ ምን ይጎዳል ብዬ ከተትኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደብዳቤውን ያነበብኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ሁለቱን ሞተው፣ ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ሦስተኛው አፉን ይከፍት ይዘጋ ነበርና በገበቴ የምንጭ ውኃ ውስጥ አደረግሁት፤ ተረፈ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እማዬ ጠዋት ጠዋት ዓሦቹን ሳትቆጥር አትውልም፤ "እነሱ ካሉ ልጄም አለ" ትላለች። ታዲያ ምን ልበላት? ሁለቱን ከጓሮ ቀበርኩና፣ እንጨቱ ውስጥ ተደብቀው ነው አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ውሸት የለም።

ከዚያ በኋላ፣ ዓሦቹ እንዳይደነብሩ ነው ብዬ ሣጥኑን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ኢብራሂም በርሜል አውሶኝ ሦስት ቀን ሙሉ ቀቀልኩት። ውኃው መጀመሪያ እንደ ሻይ ጠቆረ፤ እየደፋሁ ስቀይረው እየነጣ ሄደ። እንጨቱ አልሰምጥም ብሎ አስቸገረኝ፤ ድንጋይ አስሬ ዘፈዘፍኩት፤ በአሥረኛው ቀን እሺ አለ። አሁን የቀረው ዓሣ ከሥሩ ይውላል፤ እውነትህን ነው፣ መደንበሩን ትቷል። እማዬ ግን አሁንም የሦስት ፍርፋሪ ትጥላለች። ትርፉን ሳታየኝ እለቅማለሁ።

ወንድምዓለም፣ ከመተከል የመጣ ሾፌር ንዳዱ በርትቷል እያለ ገበያ ላይ ሲያወራ እማዬ ሰምታለች። እኔም ፈርቻለሁ። እጅህ ከደከመ ሌላ ሰው ይጻፍልህ፤ አንድ መስመር ይበቃናል።

ታናሻችን ወርቅነሽ አራተኛ ክፍል አልፋለች፤ ጉንጭህን ትስማለች። አክስታችን ጥሩወርቅ ለገብርኤል ተስላልሃለች። ጋሽ ኢብራሂምና ባለቤቱ መሪማ "አላህ በሰላም ይመልሰው" ይሉሃል።

እማዬን ምን ልበልልሽ ብዬ ብጠይቃት ዓይኗን ከሣጥኑ ሳትነቅል ይህን ጻፊ አለችኝ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፦ "የተደበቀ ቢሆን ሲርበው ይወጣ ነበር። ሁለቱን በግራዋ እንደገደልኳቸው ካወቅሁ ሰንብቻለሁ፤ ዘነበች እንዳታዝን ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ፍርፋሪውን የምጥለው ለዓሣ አይደለም በዪው።"

እህትህ ዘነበች
ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.