ሙት ዓመትሽ ሳይደርስ ስለምሄድበት ደሴት

የቤቴ እመቤት ወርቅነሽ፤

ከተለየሽኝ ክረምቱ ወጥቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ አሁን ዐቢይ ጾም ገብቷል። ሙት ዓመትሽ ግን ገና አልደረሰም። ይህን የምነግርሽ ስለማታውቂው አይደለም፤ እኔ እንዳልረሳሁት እንድታውቂልኝ ነው። የምጽፍልሽ ነገር ያሳፍራልና አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ላውራሽ።

ኩልፎ ዳር ያለው ሙዛችን ደህና ነው። ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ቦይ በደለል ደፍኖት ነበር፤ ራሴ በአካፋ ጠረግሁት። የቀን ሠራተኛ አስገባ ብለው ቢመክሩኝ እንቢ አልኩ፤ ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ጓሮ የተከልሽው ማንጎ አፍርቷል፤ ጦጣዎቹ ግን ከእኔ ቀድመው ቀመሱት። አልጋው ላይ አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው። ያንቺን ቦታ ማን እንደከለከለኝ አላውቅም።

አሁን ወደ ነገሬ። ልጃችን ትዕግሥት ከፖርቱጋል ደወለች። ከሥራዋ እረፍት የሚሰጧት ከፋሲካ በኋላ ብቻ ነው። ማዴይራ የሚባል ውቅያኖስ መሃል ያለ ደሴት አለ፣ አባባ አንድ ሳምንት አብረን እንረፍ አለችኝ። የእናትሽ ዓመት ሳይወጣ ምን ዓይነት መዝናናት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። እሷም ግትርነቷን ከእኔ ወስዳለችና በማግስቱ ቪዲዮ ላከችልኝ።

ወርቄ፣ አየሁት። ተራራው ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ጫፉን ጉም ሸፍኖት የዶርዜን ጧት ይመስላል። በገደሉ ላይ ድንጋይ ደርድረው እርከን ሠርተው፣ በየእርከኑ ሙዝ ተክለዋል። ውሃውን ደግሞ ገደሉን በወርዱ ጠርበው፣ በቀጭን ቦይ እያዞሩ ከተራራው ማዶ ያመጡታል። ሰው በቦዩ ዳር እየተራመደ ጫካውን ያቋርጣል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ቦዩን ምን ያህል እንዳዘቀዘቁት፣ ደለሉን በምን እንደሚጠርጉት ማወቅ ፈለግሁ። ከሞትሽ ወዲህ አንድ ነገር ለማወቅ ስፈልግ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፈገግ ማለቴን ሳውቅ፣ ሰው ያየኝ ይመስል ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

ይቅርታ ሳልጠይቅ ደውዬ የደሴቱ ዝናብ በየትኛው ወር ነው አልኳት። ገባት። ከዚያ ወዲያ እቅዱን እኔው ያዝኩት። ፓስፖርት አወጣሁ፤ ለቪዛ አዲስ አበባ ደርሼ መጣሁ። የያዘችውን ሆቴል አሰርዤ፣ ሙዝ እርሻ ውስጥ ያለ የእንግዳ ቤት አስያዝኳት። በየትኛው ቦይ ዳር በእግር እንደምንሄድም ከስልኬ ካርታ ላይ መረጥኩ።

ለሰው ግን አልተናገርኩም። የእድሩ ዳኛ እኔ፤ ሐዘንተኛ ዓመቱ ሳይወጣ ሰርግ ቤት አይግባ የሚለውን ደንብ ያስጻፍኩም እኔ። ጎረቤታችን ሸማኔው ጦና ሚስቱ በሞተች ጊዜ፣ የእህቱ ልጅ ስትዳር ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ምግብ ያወጣሽለት አንቺ ነበርሽ።

ሱልጣን ሱቅ ፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒ ሳስደርግ፣ ሱልጣን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሕክምና ነው ወይ አለኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከዚህ ከተማ ተነስቶ ባሕር የሚሻገር ለሌላ ለምን ይሆናል? ከስቻለሁም። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ በበሽተኛ ጠያቂነት ቤታችንን ሞላው። ሱልጣን ማር በጥቁር አዝሙድ ለውሶ አመጣ። ሴቶቹ አጥሚት ይዘው መጥተው ክሳቴን እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንደኛዋማ ጸበል ረጨችኝ። ሚዛን አጉድዬ የማላውቀው ሰው ጋቢ ተከናንቤ አጥሚት ጠጣሁ። አጥሚቱ ደግሞ ጣፈጠኝ፤ ይህም ያሳፍረኛል።

ከዚያ ጦና መጣ። ከዶርዜ ሽማግሌ አጎቱን አስከትሎ፣ ሁለቱም እርጥብ ሳር ይዘው ገቡ። ለምን እንደመጡ ገባኝ። በአገራችን ሰው ሲታመም የጣሰው ጎሜ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ነውሩን አውጥቶ ከተናገረ ይድናል ይባላል። አንቺ ታምኚበት ነበር። እኔ ያልተማረ ሰው ነገር ነው እያልኩ እቆጣሽ ነበር፤ ራሴ የትኛው ትምህርት ቤት እንደገባሁ እንጃ።

ሽማግሌው ሳሩን ከፊቴ አስቀምጦ በጋሞኛ መረቀኝ። ጦናም በሰው ላይ ያደረግኸው ካለ፣ በእኔም ላይ ቢሆን፣ አውጣውና ዳን አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከድንኳን ውጭ ያስቆምኩት ሰው ልሞት መስሎት አዘነልኝ፣ ወርቄ።

«አልታመምኩም» አልኩት። «ከልጄ ጋር ልዝናና ነው የምሄደው። የወርቅነሽ ዓመት ሳይወጣ።»

ሽማግሌው አማርኛ ብዙም አይሰማምና ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ጦና ሲተረጉምለት ነውሬን ሁለተኛ ጊዜ በአፍ መፍቻዬ ሰማሁት፤ ያኛው ባሰ። ሽማግሌው ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። ጦና አልሳቀም። ተነስቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ «ዳኛው፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ ገብቼ መብላት አልነበረም ያማረኝ» አለኝ። «ልጅቷን ተሞሽራ ማየት ነበር።»

እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆሜ፣ ማር ያመጣውም አጥሚት ያመጡትም ባሉበት ሁሉንም ተናገርኩ። ሱልጣን እንግዲያው ማሬን ይመልስ ብሎ ሰውን አሳቀ። ጸበል የረጨችኝ ሴት እስካሁን ሰላም አትለኝም፤ ልክ ናት። ዳኝነቱን አስረከብኩ፤ ደንቡም እንዲሰረዝ ጠየቅሁ። እጅ ሲወጣ ጦና ከሁሉም በኋላ ነበር፤ ግን አወጣ።

ልቅር ብዬም አስቤ ነበር። ብቀር ሰው ያመሰግነኛል፤ ምስጋናቸውን ደግሞ እወደዋለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እሄዳለሁ። የሚያሳፍረኝ መሄዴ ብቻ አይደለም፤ መጓጓቴ ነው። ጧት ስነሳ ካንቺ በፊት ያ ውሃ ትዝ የሚለኝ ቀን አለ። ይኸው፣ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ነገርኩሽ።

ትዕግሥት አበባ ያለበት ሸሚዝ ገዝታልኛለች፤ አልለብሰውም። ጥቁሬን ለብሼ በዚያ ቦይ ዳር እሄዳለሁ። የአገሩ ሰዎች በዚህ ሙቀት ለምን ጥቁር ለበስክ ብለው ከጠየቁኝ፣ ማን እንደነበርሽ እነግራቸዋለሁ፤ ከደጋ በእግርሽ ወርደሽ፣ ወባው እየጣለሽ፣ ያንን የሙዝ ማሳ ከእኔ ጋር እንዴት እንዳቀናሽ እነግራቸዋለሁ። ትዕግሥት ትተረጉማለች።

ካልጠየቁኝም እነግራቸዋለሁ።

ባልሽ